የአናጢው አጭር ጣት

መምህርቷ የኢንተርኔት ገጿ መዘጋቱን ያወቀችው ማክሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እግሩ በሚወዛወዘው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። ሌላ ቀን የእናቶች ጥያቄ ተደርድሮ በሚጠብቃት ቦታ ላይ አንድ ግራጫ ሳጥን ተገትሯል። «ይህ ገጽ የሌላ ወገንን የቅጂ መብት የሚጥሱ ሥዕሎች በመያዙ ተዘግቷል» ይላል። ከሥሩ የከሳሹ ስም ተጽፏል፤ ለትምህርት ቤቶች የስልክና የኮምፒውተር መተግበሪያ የሚሸጥ ኩባንያ ነው።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተላከ መሰላት። ሁለተኛው ላይ ሳቀች። ሦስተኛው ላይ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ሌቦች!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ ደብተር የሚያርመው የሒሳብ መምህር መስማት የተሳነው ስለሆነ ቀና እንኳ አላለም።

ሴትዮዋ መስማት በተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አሥራ ስምንት ዓመት አስተምራለች። ሙያውን የመረጠችው ግን ሰርተፍኬት ከመያዟ በፊት ነው። በስድስት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ በአራት ዓመቱ በትኩሳት የመስማት ችሎታውን አጥቷል። እሷ ከተወለደች በኋላ ሁለቱ በእጃቸው እያወሩ አደጉ፤ ሱቅ ሲላኩ ጆሮው እሷ፣ ሰፈር ውስጥ ሲነኳት ጡንቻዋ እሱ። አሁን ወንድምዬው አናጢ ነው። ሥራ ላይ ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል የሚያውቁት ሁሉ ስሙን የሚጠሩት ሁለት ጣት ከንፈር ላይ በማሳረፍ ነው። እሷ ግን በአፏም በእጇም «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች።

ሥዕሎቹን የጀመረችው በአንድ አባት ምክንያት ነበር። ሰውየው ልጁን ሊያስመዘግብ መጥቶ፣ «ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ‹የት ያምሻል?› ብዬ ጠይቄያት አላውቅም» ብሎ እፊቷ አለቀሰ። የዚያን እሑድ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ወንድሟ ዎርክሾፕ ሄደች። ወንድም ጋሼ ግማሽ የተላገ የበር ጉበን ላይ ተቀምጦ እጁን አነሳ፤ እሷ ሳለች። «ውኃ»፣ «ያመኛል»፣ «ፈራሁ»፣ «ና እቀፈኝ»። እጁ ሲዝል ያወርደዋል፣ ትንሽ ያራግበዋል፣ ደግሞ ያነሳዋል። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሥዕል ሆነ። ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችና ከየሥዕሉ ሥር ሁለት ቃል ጻፈች፦ «ለሁሉም በነጻ»።

እንግዲህ የተዘጋው ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዎርክሾፑ ስትገባ ወንድሟ የመደርደሪያ ጎን እያለሰለሰ ነበር። ስልኩን አቀበለችው። የኩባንያውን መተግበሪያ ክፍል ውስጥ ሆና አውርዳው ነበር። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ አሉ፤ ቀለም ተቀብተዋል፣ ክንዱ ላይ ሰማያዊ እጅጌ ተጨምሮበታል፣ የእሷ ጽሑፍ በነበረበት ቦታ የኩባንያው ምልክት ተለጥፏል።

«ራሳችን የሣልነው ነው ይሉ ይሆናል» አለች በምልክት። «በምን አረጋግጣለሁ? እጅ እንደሆነ ሁሉም እጅ ነው።»

አናጢው ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። የእንጨት ብናኙን ከጣቱ በሱሪው ጠርጎ ሥዕሉን አጎላው። አንዱን አየ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ፣ እንደገና አጎላ። ከዚያ ስልኩን መሮዎቹ አጠገብ አስቀምጦ ቀኝ እጁን ከጎኑ ዘረጋ።

ትንሿ ጣቱ ከላይኛው አንጓ በላይ የለችም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መጋዝ ወስዷታል። መምህርቷ እጁን ለዓመታት እንዳየችው ስትስለው ማጠሯን ልብ እንኳ አላለችውም ነበር። የኩባንያው ሠዓሊም ልብ አላለም። ሰማያዊው እጅጌ ጫፍ ላይ፣ ቀለም ተቀብታ፣ ያቺው አጭር ጣት ቆማለች።

«ይህ የኔ እጅ ነው» አለ ወንድም ጋሼ። ሲናደድ ምልክቱ ትልልቅ ይሆናል፤ በአንዱ ውርወራ የምስማር ጣሳውን ገለበጠው። «እጄን ወስደው፣ እጅጌ አልብሰው፣ አንቺን ሌባ አሉሽ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይሄ ነው።»

በማግስቱ ከቤቷ በላይ ባለው ፎቅ ወደምትኖረው ወጣት ጠበቃ ወጣች። ጠበቃዋ ሕፃን ልጇን በአንድ ክንዷ ታቅፋ በሌላ እጇ ወረቀቶቹን ታገላብጥ ጀመር።

«እትዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ‹ውኃ› ለማለት እጅን እንዲህ ማድረግ የማን ነው?»

«የማንም። የሚያወራበት ሰው ሁሉ ነው።»

«ጎሽ። ቋንቋው ላይ ኩባንያውም እርስዎም አጥር ማጠር አትችሉም። ያንን እጅ ወረቀት ላይ የሳለው ግን ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያው ሥዕሉ የእርስዎ ነው። የትም ሄደው ማስመዝገብ አልነበረብዎትም፤ ሠርተው እንደጨረሱት የእርስዎ ሆኗል።»

መምህርቷ ትንሽ ፈራ ተባ አለች። «ከሥሩ ግን ‹ለሁሉም በነጻ› ብያለሁ። እሱ አይጥለኝም?»

«‹በነጻ ተጠቀሙበት› ማለት ሌላ፣ ‹የኔ አይደለም› ማለት ሌላ። በሬን ለጎረቤት ክፍት ትቻለሁ ማለት ቤቱን ሰጥቻለሁ ማለት ነው እንዴ? ደግሞ እነሱ ተጠቀሙበት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንከራከር ነበር፤ እነሱ እኮ ‹የኛ ነው› ብለው ነው የእርስዎን ገጽ ያዘጉት። በእርግጥ ሁለት ቃል አሻሚ ነው። ወደፊት ማን፣ ለምን፣ እንዴት እንደሚጠቀምበት ዘርዝረው ይጻፉ።» ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «አሁን የተቃውሞ ማመልከቻ እንሞላለን። ከመፈረምዎ በፊት ግን ልጠይቅዎት፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም የሳሉት እርስዎ ነዎት?»

መምህርቷ ብዕሩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ሕፃኑ የጠበቃዋን የጆሮ ጌጥ ይጎትታል።

«እትዬ?»

«ዘጠኝ…» አለች ቀስ ብላ። «ዘጠኙን አይደለም። ያኔ ወንድሜ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ሁለት ወር ቆየ። ወላጆች የሕመም ቃላት ይጠይቁኛል። የአንድ የቆየ መጽሐፍ ገጾች ኢንተርኔት ላይ አገኘሁና ስስ ወረቀት አስደግፌ ገለበጥኳቸው። ከኢንተርኔት ነው የወሰድኩት እኮ፤ ማንም ሲያወርደው ነበር።»

«እነዚህስ የእርስዎን ከየት የወሰዱት ይመስልዎታል?»

ይህን ጠበቃዋ የተናገረችው ሳትቆጣ ነው፤ ለዚህም ይሆናል እንደ ጥፊ ያረፈባት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እያለች ሁለት ቀን ስትብከነከን ሰንብታ፣ ለካ ከዳዋው ሥር እሷም ጥቂት ቆርጥማለች። ደረጃውን ስትወርድ እያንዳንዷን ሥዕል በዓይነ ኅሊናዋ ቆጠረች። «ራሴን አዞረኝ»፣ «ሆዴን»፣ «ጆሮዬን»፣ «ደም»፣ «ያስመልሰኛል»፣… ዘጠኝ።

ማታ ለወንድሟ ነገረችው። አናጢው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ተያቸው! ማን ያውቃል? ጠላት በር ላይ ቆሞ ገመናሽን ታወጫለሽ?»

«አወጣለሁ» አለች። «የሰው ወርቅ አያደምቅም። ‹ሌባ› ብዬ መጮህ የምፈልገው እጄን ታጥቤ ነው፤ አለዚያ አፌ አይታዘዝልኝም።»

በዚያው ሳምንት ዘጠኙን ሥዕሎች ከዝርዝሯ አወጣች። ከዚያም የመጽሐፉን ሠዓሊ አድራሻ ስታፈላልግ ቆይታ ከአሳታሚው አገኘች። ደብዳቤው አምስት መስመር ነበር፦ ሥዕልሽን ሳልጠይቅ ገልብጫለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ ከሥዕሎቼ መካከል አውጥቼዋለሁ፣ ብትፈቅጂልኝ ስምሽን ጽፌ ልመልሰው፣ ይቅርታ። አምስቱን መስመር ለመጻፍ ሦስት ምሽት ፈጀባት።

ገጹ እንደተዘጋ ነው። ወላጆች በየአቅጣጫው ይደውላሉ። አንዷ እናት የልጇን ትኩሳት ሰውነቷ ላይ በእጇ ዳስሳ ብታውቅም ሕመሙ የት እንደሆነ መጠየቅ አቅቷት፣ መምህርቷን በቪዲዮ ከክፍል ጠርታ ምልክቱን ከስክሪን ላይ ቀዳች። መምህርቷ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ንዴቷ ቅርጹን ለወጠ። እስከዚያ ድረስ የተነካው ክብሯ ነበር፤ አሁን የልጅ ትኩሳት ሆነ።

ርዕሰ መምህሩ አስጠራት። ቢሮው ውስጥ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ተቀምጧል፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ እግሩን አጣምሮ የተቀመጠ ሰው። መምህርቷ ብቻዋን አልመጣችም። የሥራ ልብሱን ያላወለቀው ወንድሟ ከኋላዋ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

«መምህርት፣ ይህ ሁሉ አለመግባባት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እኛ የምንፈልገው አብሮ መሥራት ነው። ቅሬታችንን ዛሬውኑ እናነሳለን፤ ገጽዎ ይከፈታል። መተግበሪያው ውስጥም ምስጋና በሚለው ገጽ ላይ ስምዎን እናስገባለን። ከእርስዎ የምንጠብቀው ይህቺን ወረቀት መፈረም ብቻ ነው።»

ወረቀቱን አነበበችው። እስካሁን የሳለቻቸውና ወደፊት የምትስላቸው የእጅ ምልክት ሥዕሎች ሁሉ የኩባንያው እንዲሆኑ ይላል። አናጢው እንዲያነብ አቀበለችው።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህርት፣ ኩባንያው ለትምህርት ቤታችን አሥር ኮምፒውተር ቃል ገብቶልናል። ያሉንን አራት ያውቋቸዋል፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ለልጆቹ ሲሉ…»

ይህ ቃል ወጋት። ኮምፒውተሮቹን ታውቃቸዋለች፤ አንዷ ተማሪዋ ተራ ስትጠብቅ እንቅልፍ ወስዷት አይታለች። ቢሆንም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«‹ፈራሁ› የሚለውን ሥዕል ያሳዩኝ።»

ሰውየው ታብሌቱን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው።

«ይህ እጅ የማን ነው?»

«የድርጅታችን ሠዓሊ የሣለው ነው።»

«ትንሿ ጣት ለምን አጠረች?»

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ አየ። «እንግዲህ… የአሣሣል ስልት ይሆናል።»

መምህርቷ ለወንድሟ ምልክት ሰጠችው። አናጢው ሦስት እርምጃ መጥቶ ሙጫ የደረቀበትን ቀኝ እጁን ከታብሌቱ ጎን ዘርግቶ አስቀመጠው። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ሥዕሉ ውስጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አደረገና ሁለቱን እጆች አያቸው።

«ሥራውን ለውጭ ሰው ነበር የሰጠነው» አለ ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ። «ከየት እንዳመጣው አናውቅም። ግን መምህርት፣» አሁን ድምፁ ይበልጥ ዝቅ አለ፣ «ነገሩን ባናካርረው ነው የሚሻለው። እርስዎም ከሥዕሎችዎ መካከል የሌላ ሰው የሆኑ እንዳሉ ደርሰንበታል። ይህ ቢወጣ ለስምዎ ጥሩ አይደለም።»

አናጢው የሰውየውን ከንፈር ያነባል። ወደ እህቱ በድንጋጤ ተመለከተ። እሷ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ዘጠኝ ናቸው» አለች፤ አንድ ወረቀት አወጣች። «ዝርዝራቸው ይኸው። ከሥዕሎቼ አውጥቻቸዋለሁ፣ ለባለቤቷም ጥፋቴን ጽፌያለሁ። የደብዳቤው ቅጂ ከሥሩ አለ፤ ከፈለጉ ይውሰዱት፣ ከፈለጉ አደባባይ ላይ ይለጥፉት። እርስዎስ ስለ ሁለት መቶ ሦስቱ መቼ ነው የሚጽፉልኝ?»

ሥራ አስኪያጁ እግሩን ፈታ።

«መምህርት፣ ያስቡበት…»

«አልፈርምም። አሁንም አልፈርምም፣ ነገም አልፈርምም። ለልጆቹ አሁንም በነጻ ነው፤ ለእናቶቻቸውም። የኔን ለነሱ መስጠት እችላለሁ፣ የሰጠኋቸውን ነጥቆ ለሚሸጥላቸው ግን አልሰጥም።»

«ኮምፒውተሮቹ…» አለ ርዕሰ መምህሩ ደከም ባለ ድምፅ።

«ርዕሰ መምህር፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቢመጡም በላያቸው የሚታየው የወንድሜ እጅ ነው።»

አናጢው ወረቀቱን ሳያጥፍ፣ ሳይቀድ፣ ሰውየው ፊት ፊደሉን ወደ ታች ደፍቶ አስቀመጠውና አብረው ወጡ።

ማመልከቻዋን በዚያው ዕለት ላከች፦ ሁለት መቶ ሦስቱን እኔ ሣልኳቸው፣ የእጁ ባለቤት ወንድሜ ነው፣ ፎቶውም ይኸው፣ የመጀመሪያዎቹ የእርሳስ ወረቀቶችም ቀናቸው ተጽፎባቸው ይኸው። ጠበቃዋ እያንዳንዱን ቃል አይታላታለች። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ኩባንያው የእውነት የኔ ነው ካለ በቀነ ገደቡ ውስጥ ፍርድ ቤት መሄዱን ገጹን ለሚያስተናግደው ድርጅት ማሳየት ነበረበት። አሥር ቀን አለፈ፣ አሥራ ሁለት ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ሰላምታውን ያሳጥራል። ከባልደረቦቿም «ምን አለ ፈርማ ቢገላግላት» ያሉ አልጠፉም፤ በምልክት ያሉት እንኳ ጀርባዋን ጠብቀው ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ገጹ ተከፈተ። ፍርድ ቤት የሄደ የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አጭሯ ጣት ከኩባንያው መተግበሪያ ውስጥ ከነሰማያዊ እጅጌዋ ጠፋች። ይቅርታ የሚል አንድ ቃል አልመጣም። አሥሩ ኮምፒውተርም አልመጣም።

የመጽሐፉ ሠዓሊ መልስ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «ስለጠየቅሽኝ አመሰግንሻለሁ» ይላል። «ብዙ ሰው ገልብጦታል፤ የጠየቀኝ ግን ካንቺ በፊት የለም። መልሴ ግን አይሆንም ነው። እነዚያን ሥዕሎች የሣልኳቸው ለልጄ ነበር፤ አሁን በሕይወት የለችም። ከመጽሐፉ ውጭ እንዲዞሩ አልፈልግም።»

መምህርቷ መጀመሪያ ቅር አላት። ይቅርታ ጠይቃ፣ ተዋርዳ፣ እውነቷን ተናግራ፤ ለታመመ ሕፃን ነው ብትል እንኳ እምቢ? ወንድሟ ደብዳቤውን አንብቦ መላጊያውን አስቀመጠ።

«አንቺ እምቢ ስትዪ ጀግና፣ እሷ እምቢ ስትል ክፉ?»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለማታውቃት ሴት ይሁን ለራሷ አልለየችም። «እሺ፣ ገብቶኛል» ብላ ብቻ መለሰችላት።

ዘጠኙን ቃላት እንደገና ሣለቻቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ከሕይወት። «ራሴን አዞረኝ»ን የሒሳብ መምህሩ አሳያት፤ እሱ ሲያሳይ የእውነት የዞረበት ይመስላል። «ደም»ን ትኩሳት ይዟት የነበረችው ልጅ እናት፣ «ያስመልሰኛል»ን ወንድም ጋሼ፤ እሱ ደግሞ ፊቱን እንዲያ እያጨማደደ ስላሳቃት ሦስት ወረቀት አበላሸች። «ለሁሉም በነጻ» የሚለውንም አጠፋችው። በምትኩ እንዲህ ጻፈች፦ «ለማስተማር ቅዱት፣ አትሙት፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። አትሽጡት። የሠራነውን ሰዎች ስም አትፋቁ። መለወጥ ካስፈለጋችሁ ጠይቁን። ምልክቶቹ የሁላችንም ናቸው፤ ሥዕሎቹ የኛ።» ከሥሩ የእሷ ስም፣ ቀጥሎም እጃቸውን ያዋሱት ሁሉ ስም ሰፈረ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። አዲስ ሥራ አስኪያጅ ነው የጻፈው። አዲሱ ሰው በአክብሮት፣ በሥነ ሥርዓት፣ ሥዕሎቹን በመተግበሪያው ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስሟም በየሥዕሉ ሥር እንደሚሆን ይገልጻል።

ዎርክሾፑ ውስጥ፣ የተገጠመ ቁም ሳጥን ላይ ተደግፋ ለወንድሟ አሳየችው።

«አሁንስ ጠየቁ እኮ» አለ እሱ።

«ጠየቁ። ጥሩ ነው፤ ተምረዋል።»

«ታዲያ?»

«መጠየቅ የነሱ፣ መመለስ የኛ። አንተ ምን ትላለህ? እጁ ያንተ ነው።»

አናጢው ከከንፈሩ ላይ ሁለት ምስማር አወጣና አሰበበት። የቁም ሳጥኑን በር ከፈተው፣ ዘጋው፤ ማጠፊያው ሲጢጥ ይል እንደሆነ በመዳፉ ንዝረቱን አዳመጠ።

«የሚሸጡት ነገር ውስጥ መግባት አልፈልግም» አለ። «ትምህርት ቤቶቹ ከፈለጉ ካንቺ ገጽ በነጻ ይውሰዱ። ለምን በነሱ በር ይዞራሉ?»

እሷም እንደዚያው ነበር የምታስበው። እዚያው ቆማ ጻፈች፦ «በአግባቡ ስለጠየቃችሁ እናመሰግናለን። አንፈቅድም።» ለወንድሟ አሳየችው። እሱ ስልኩን ተቀበላት፣ «አንፈቅድም» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባትና፣ መላኪያውን ራሱ ተጫነው።